የኋላ እግሩን አሳዩኝ፦ በቆሎ ላይ ያለውን ፕላንትሆፐር ስለመለየት

ሰሞኑን ሀዋሳና ዙሪያዋ በቆሎ የዘራችሁ ልጆች ፎቶ እየላካችሁልኝ ነው፣ በጣም ደስ ብሎኛል ቀጥሉበት፣ ግን ሁሉም ማለት ይቻላል ከላይ የተነሳ ነው። ክንፍና ጀርባ ብቻ። ከዛ ስሙ ምንድነው ትሉኛላችሁ። እኔ ደሞ የምመልሰው አንድ ነው፣ የኋላ እግሩን አሳዩኝ።

በቆሎ ላይ የሚዘሉት እነዚህ ትናንሽ ነፍሳት በሩቁ አንድ ይመስላሉ፣ ሰዉም ሁሉንም ፌንጣ ብሎ ያልፋቸዋል፣ ግን ፌንጣ አይደሉም። ሁለት የተለያዩ ቡድኖች አሉ፣ ሊፍሆፐርና ፕላንትሆፐር፣ ሁለቱም ሄሚፕቴራ የሚባለው ኦርደር (ትልቅ የነፍሳት ምድብ) ውስጥ ናቸው፣ ሁለቱም በሹል አፋቸው የተክሉን ፈሳሽ ይመጥጣሉ። በእጅ ሌንስ የኋላ እግሩን ስታዩት ሊፍሆፐር ከሆነ ቲቢያው (የእግሩ ቅልጥም) ላይ ከላይ እስከ ታች በረድፍ የተደረደረ እሾህ አለ። ፕላንትሆፐር ከሆነ እሾሁ ጥቂት ነው፣ በተለይ ዴልፋሲዴ የሚባለው ፋሚሊ (ከኦርደር ያነሰ ምድብ) ከሆነ ቲቢያው ጫፍ ላይ የሚንቀሳቀስ አንድ ትልቅ ሹል ነገር ታያላችሁ፣ ካልካር ይባላል። እሱን ካያችሁ አለቀ፣ ፋሚሊው ታወቀ። አንቴናውም ይረዳል፣ ፕላንትሆፐር ላይ ከአይኑ ስር ነው የሚወጣው፣ ስሩ አካባቢም ወፈር ይላል።

አንዲት ጎረቤታችን እናት "አንተ ልጅ ስሙን ተወውና ምን ልርጭበት?" አሉኝ። ገብቶኛል፣ በቆሎው የሳቸው ነው። ግን ምን እንደሚደረግ የሚነግረን ስሙ ነው። አፍሪካ ውስጥ በቆሎን የሚጎዳው ሜይዝ ስትሪክ ቫይረስ የሚዛመተው ሲካዱሊና በሚባሉ ሊፍሆፐሮች ነው፣ ሜይዝ ሞዛይክ ቫይረስን የሚያዛምተው ግን ፔሬግሪነስ ሜይዲስ የሚባል ፕላንትሆፐር ነው፣ ቫይረሱም ነፍሳቱ ሰውነት ውስጥ ይራባል። ሁለቱም በሽታ ቅጠል ላይ መስመር መስመር ስለሚያወጣ ቅጠሉን ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል። ስለዚህ ነፍሳቱን እንይ።

የዚሁ ፔሬግሪነስ የስም ታሪክ ራሱ ጥሩ ትምህርት ነው። አሽሚድ የሚባል የነፍሳት ተመራማሪ በ1890 ሲገልፀው ዴልፋክስ ሜይዲስ ነበር ያለው፣ ያኔ ብዙ ነገር ዴልፋክስ የሚባለው ጂነስ (የቅርብ ዘመድ ዝርያዎች ምድብ) ውስጥ ይታጎር ነበር። ሌላው ተመራማሪ ከርካልዲ በ1904 ፔሬግሪነስ የሚለውን ጂነስ አቋቋመ፣ ዝርያውም ወደዛ ገባ። ለዛ ነው ዛሬ ስሙ ሲፃፍ ፔሬግሪነስ ሜይዲስ (አሽሚድ፣ 1890) ተብሎ የሰውየው ስም ቅንፍ ውስጥ የሚገባው፣ ቅንፉ ዝርያው መጀመሪያ ሌላ ጂነስ ውስጥ እንደነበር ይናገራል። እኔ እንዲህ አይነት ነገር ደስ ይለኛል፣ በአንድ ቅንፍ የመቶ አመት ስራ ይታያል።

ወደ ዝርያ መውረድ ግን ከባድ ነው። አንደኛ አንዱ ዝርያ ራሱ ረጅም ክንፍና አጭር ክንፍ ያለው ሆኖ ይወጣል፣ አጭሩ መብረር አይችልም፣ አጠገብ ላጠገብ ስታስቀምጧቸው ሁለት ዝርያ ነው ብላችሁ ትምላላችሁ። ቀለሙም ይለዋወጣል። የማይዋሸው የወንዱ ጀኒታሊያ (የመራቢያ አካል) ነው። የሆዱን ጫፍ ቆርጦ 10% ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ሞቅ አድርጎ ማቆየት፣ ስጋው ይሟሟና ጠንካራው ክፍል ብቻ ይቀራል፣ ከዛ ግሊሰሪን ጠብታ ላይ አድርጎ በቀጭን መርፌ እያገላበጡ ማይክሮስኮፕ ስር ማየት ነው። ኤዲጋሱ (የወንዱ ብልት) ላይ ያለች አንዲት ጥርስ ወደየት እንደዞረች ሁለት ዝርያ ልትለይ ትችላለች። ሴት ብቻ ከሆነ የተገኘው ወይም ገና ያላደገ ከሆነ እኔ ጂነስ ላይ ወይም ፋሚሊ ላይ አቆማለሁ። ዴልፋሲዴ ብሎ ማቆም ትክክለኛ መልስ ነው፣ ስልክ ላይ ያለ አፕ የሰጠውን ሙሉ ስም ከመለጠፍ በጣም ይሻላል።

በነገራችን ላይ ኢሰስ የሚባል የአውሮፓ ፕላንትሆፐር አለ፣ ልጅ እያለ የኋላ እግሮቹ ስር ላይ እውነተኛ ጥርስ ያለው ጊር አለው፣ ሲዘል ሁለቱ እግሮች እኩል እንዲነሱ ያደርጋል፣ በ2013 ነው የታተመው፣ ሲያድግ ደሞ ጊሩ ይጠፋል። ይህን ሳነብ ቁጭ ብዬ ነው የቀረሁት።

በቃ አሁን ናሙና ለምትልኩልኝ፣ ጠዋት ሳይሞቅ ገና ያልተዘረጋው የመሀሉ ቅጠል ውስጥ ፈልጉ፣ ፕላንትሆፐር እዛ መደበቅ ይወዳል፣ ጉንዳን የሚመላለስበት ተክል ካያችሁ ከሱ ጀምሩ። አልኮል ባለበት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ክተቱት፣ አንድ ብቻ ሳይሆን ብዙ አድርጋችሁ ያዙ ወንድ እንዲኖርበት። ወረቀት ላይ በእርሳስ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ተክሉን ፃፉና እዛው ጠርሙሱ ውስጥ ክተቱ፣ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል። ታቦር ተራራ ስር ወይም ሀይቁ ዳር የያዛችሁት ከሆነ ያንንም ፃፉ፣ "ሀዋሳ" ብቻ አይበቃኝም።