ቴስቶስተሮን በጀመርኩባቸው የመጀመሪያ ወራት የወር አበባዬ እንዴት እንደተለወጠ

ቴስቶስተሮን የተባለውን የወንድነት ሆርሞን መውሰድ ከጀመርኩ ወዲህ ከሌሎች ትራንስ ወንዶች (ሲወለዱ ሴት ተብለው እንደ ወንድ ከሚኖሩ እንደ እኔ ካሉ ሰዎች) ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ የወር አበባ መቼ ይቆማል የሚል ነው። እኔም ሕክምናውን ከመጀመሬ በፊት ከድምፅና ከጢም አስቀድሜ ለሐኪሜ ያቀረብኩት ይህንኑ ጥያቄ ስለነበር ጉዳዩ ለብዙዎቻችን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በሚገባ እረዳለሁ። በማስታወሻዬ የያዝኩትንና በየቀጠሮው የተማርኩትን ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

የምኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። የምወስደው ቴስቶስተሮን ሳይፒዮኔት የተባለውን መድኃኒት ሲሆን፣ በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ ሆዴ ላይ ከቆዳ ሥር ራሴ እወጋዋለሁ። የጀመርኩት በ50 ሚሊ ግራም ነው፤ ፈሳሹ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 200 ሚሊ ግራም የያዘ በመሆኑ በመርፌው የሚሳበው ሩብ ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ዘይታማ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይሳባል፤ ቀስ ብሎም ይገባል። የሆርሞን ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ማኅበር የሆነው ኢንዶክሪን ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው የሕክምና መመሪያ የወር አበባ ከ1 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ መቆም እንደሚጀምር ይገልጻል። ይህ ሰፊ ክልል መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ በሁለተኛው ወር የቆመለትም ሆነ በስድስተኛው ወር ገና እየደማ ያለው ሰው ሁለቱም ሕክምናው እየሠራላቸው ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በላይ የሚቆይባቸውም አሉ።

በእኔ ላይ የታየው ለውጥ ቀጥ ያለ መስመር አልነበረውም። የመጀመሪያው የወር አበባ ከተለመደው ቀኑ ቀድሞ መጣ፤ የሚቀጥለው ዘግይቶና ቀሎ መጣ። በሦስተኛው ወር ደግሞ ከቀይ ይልቅ ወደ ቡኒ የሚያደላ ጠብታ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ቆየ። ቆመ ብዬ ካመንኩ በኋላ እንደገና በርትቶ ከነቁርጠቱ ሲመለስ በጣም አዘንኩ፤ ሕክምናው የከሸፈ መሰለኝ። የተረጋጋሁት ሐኪሜ በሰውነቴ ውስጥ ምን እየተከናወነ እንደሆነ በዝርዝር ካስረዳኝ በኋላ ነው።

ቴስቶስተሮን በደም ውስጥ ሲበረክት አንጎል ሥር የምትገኘው ፒቱታሪ እጢ እንቁላል ለሚያመነጨው አካል ማለትም ለእንቁልጢ የምትልከውን ትእዛዝ እየቀነሰች ትሄዳለች። ነገር ግን ይህ በአንድ ሌሊት የሚሆን አይደለም። እንቁልጢው እንቁላል ሳይለቅ በሚቀርበት ወር ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን አይመነጭም፤ ሌላው የሴት ሆርሞን ኢስትሮጅን ግን መመንጨቱን ስለሚቀጥል የማህፀኑ የውስጥ ሽፋን ያለ ሥርዓት ይወፍርና በየቦታው እየተላጠ ይደማል። ቴስቶስተሮኑ ሽፋኑን ቀስ በቀስ ሊያሳሳው ይችላል፤ እስከዚያው ድረስ ግን ያለው ጊዜ የተዘበራረቀ ይሆናል። እንግዲህ የደሙ ቀን መዛባት ራሱ የዑደቱ ሥርዓት እየላላ መሆኑን የሚያመለክትበት ጊዜ አለ።

በዚህ ወቅት ብዙዎቻችንን የሚፈታተነን ሐሳብ የምንወጋውን መጠን በራሳችን መጨመር ነው። ወንድሞቼ፣ ይህን እባካችሁ አታድርጉ። ለሳይፒዮኔትና ኢናንቴት ለተባለው ሌላው የቴስቶስተሮን መርፌ የሚመከረው ክትትል ደም በሁለት መርፌዎች መካከል ባለው አጋማሽ ላይ ተሰጥቶ የቴስቶስተሮኑ መጠን ከ400 እስከ 700 ናኖግራም በዴሲሊትር መሆኑን ማየት ነው። እኔ ሐሙስ የምወጋ በመሆኔ ደም የምሰጠው ሰኞ ነው። የመጀመሪያው ውጤቴ ከዚህ ክልል በታች በመሆኑ ሐኪሜ መጠኑን ከፍ አደረገልኝ፤ ይህ ግን በውጤት ላይ የተመሠረተ ውሳኔ ነው። ያለ ምርመራ የሚጨመር ቴስቶስተሮን ከፊሉ በሰውነት ውስጥ ወደ ኢስትሮጅን የሚለወጥ ከመሆኑም በላይ ቀይ የደም ሴሎች በደም ውስጥ ያላቸውን ድርሻ ማለትም ሄማቶክሪትን ከልክ በላይ ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ከ54 በመቶ ካለፈ ደም የመርጋት ስጋት ስለሚያስከትል ሐኪሞች መጠኑን ይቀንሳሉ። በመጀመሪያው ዓመት በየሦስት ወሩ የደም ምርመራ የሚታዘዘው በዚህ ምክንያት ነው። ደሙ መፍሰሱን እንዲያቆም ከሁሉ በላይ የረዳኝ መርፌውን በተመሳሳይ ቀንና ሰዓት ሳያዛንፉ መውሰድ ነው፤ መጠኑ ከፍና ዝቅ ሲል ማህፀንም አብሮ ይነቃል።

ስለ ዕለት ተዕለቱ ኑሮ ጥቂት ልበል። የሥራ ቦታዬ የወንዶች መጸዳጃ ክፍሎች ውስጥ ቆሻሻ መጣያ የለም፤ መጣያው ያለው ሰው ሁሉ በሚታጠብበት ገንዳ አጠገብ ነው። ስለዚህ ያገለገለውን ሞዴስ በሶፍት ጠቅልዬ ዚፕ ባላት ትንሽ ጥቁር ቦርሳ ይዤ እወጣና ቤቴ እጥለዋለሁ። የሞዴሱ ላስቲክ ሲላጥ የሚያሰማው ድምፅ እንኳ ያሳስበኝ ስለነበር ውኃው በሚለቀቅበት ጊዜ መክፈትን ለመድኩ። ከዚህ የሚከብደው ግን የእሑድ ነገር ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ደም ላይ ያለ ሰው ቤተ መቅደስ ስለማይገባ ከልጅነቴ ጀምሮ በእነዚያ ቀናት የማስቀድሰው በአጸዱ ቆሜ ነው። ደሙ ቀኑን ባጣባቸው ወራት የትኛውን እሑድ ውጭ እንደምቆም አስቀድሜ ማወቅ ባለመቻሌ ከልቤ ተጨንቄአለሁ፤ ይህን የምጽፈው በተመሳሳይ ጭንቀት ውስጥ ያሉ እንዳሉ ስለማውቅ ነው።

አሁን ወደ ዋነኛው ጉዳይ ልምጣ። የወር አበባ መቆም መካንነት አይደለም። ደም ሳይታይም እንቁላል ሊወጣ ስለሚችል፣ እርግዝና ሊያስከትል የሚችል ግንኙነት ያለው ሰው ቴስቶስተሮንን እንደ መከላከያ ሊቆጥረው ፈጽሞ አይገባም። ቴስቶስተሮን የፅንስን እድገት የሚጎዳ በመሆኑ እርግዝና ከተጠረጠረ ወዲያውኑ መመርመር ያስፈልጋል። የመከላከያ ዘዴዎቹም ሁለት ጥቅም አላቸው፤ ሌቮኖርጀስትሬል የተባለ ሆርሞን የያዘው የማህፀን ሉፕና በአገር ቤት ብዙዎች የሚያውቁት የሦስት ወር መርፌ ኢስትሮጅን የሌለባቸው ሲሆኑ፣ እርግዝናን ከመከላከላቸው በተጨማሪ የደሙን መፍሰስ ይቀንሳሉ፤ በአንዳንዶች ላይም ያቆሙታል። በመጀመሪያዎቹ ወራት እነሱም ራሳቸው ጠብታ ደም ሊያመጡ እንደሚችሉ አውቆ መጀመር ይሻላል። ለእኔ የታዘዘልኝ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ 5 ሚሊ ግራም ኖርኤቲንድሮን አሲቴት የተባለ፣ እንደ ፕሮጄስትሮን የሚሠራ ክኒን ነው፤ ሉፕ ለማስገባት የሚደረገውን ምርመራ ገና ስላልደፈርኩት ይህን መረጥኩ። በዚህ መጠን የሚሰጠው ደምን ለማስቆም እንጂ እንደ እርግዝና መከላከያ ተብሎ እንዳልሆነ ሐኪሜ ነግሮኛል።

ቁርጠቱ ደሙ ከቆመ በኋላም ሊቀር እንደሚችል፣ እንዲያውም አንዳንዶች ላይ ከቴስቶስተሮን በኋላ አዲስ የሆነ የታችኛው ሆድ ሕመም እንደሚታይ እወቁ፤ ለሐኪም መነገር ያለበት ነው እንጂ ዝም ተብሎ የሚቻል አይደለም። ሞዴስ በየሰዓቱ እየሞላ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ከቀጠለ፣ ራስ የሚያዞር ከሆነ፣ ትኩሳት ወይም በአንድ ወገን የበረታ ሕመም ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። ለወራት ጠፍቶ ቆይቶ የተመለሰ ደምም ምክንያቱ መፈለግ አለበት። የተዘለለ መርፌ፣ ኢንፌክሽን፣ የብልት ግድግዳ መሳሳትና መድረቅ፣ እርግዝና፣ ወይም ማዮማና ፖሊፕ የሚባሉት የማህፀን እብጠቶች ሊሆን ይችላል። የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራም የማህፀን በር ላለው ሁሉ ቴስቶስተሮን ቢወስድም ባይወስድም በጊዜው የሚደረግ ነው።

በአሁኑ ጊዜ ደሙ ቆሟል፤ አልፎ አልፎ ሐሙስ ሲቃረብ ቀላል ቁርጠት ይሰማኛል። በዐቢይ ጾም ወቅት ድካም ስለበዛብኝ ፌሪቲን የተባለው የብረት ክምችቴ ተመርምሮ ዝቅ ብሎ በመገኘቱ የብረት ኪኒን ጀምሬአለሁ፤ በቀጣዩ ምርመራ ከቴስቶስተሮኑና ከሄማቶክሪቱ ጋር አብሮ ይታያል፤ ክኒኑን ማቆም አለማቆሜም ያኔ ይወሰናል።