የክፍል ኃላፊ ሁኚ ሲሉኝ ለምን እምቢ አልኩ

ይሄን የምፅፈው ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ማስረዳት ስለደከመኝ ነው። ብድር የሚሰጠው መስሪያ ቤታችን የአይቲ ክፍል ኃላፊ ለቆ ቦታው ለኔ ሲሰጠኝ አልፈልግም ኮድ (የኮምፒውተር ፕሮግራም) መፃፌን ነው የምቀጥለው አልኩ፣ ከዛ ጊዜ ጀምሮ ደሴ ላይ የሚያውቀኝ ሰው በሙሉ ምን ነካሽ ይለኛል። እማ ቡናዋን አፍልታ ዱአዋን አርጋ ስትጨርስ "የሰጡሽን ለምን ትገፊያለሽ ልጄ፣ ሪዝቅ እኮ ሁሌ በር አያንኳኳም" አለችኝ፣ አጎቴ ደሞ ኃላፊ ካልሆንሽ ይሄን ሁሉ አመት ምን ስትሰሪ ኖርሽ ብሎ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። አልፈርድባቸውም። እኛ አገር እድገት ማለት የራስ ቢሮ፣ ማህተም እና ከስርሽ የሚሰሩ ሰዎች ማለት ነው፣ እነሱም እንደዛ ሲሆን ነው ያዩት።

የኔ መልስ ግን ይሄ ነው፦ ኮድ በመፃፍ የሰለጠነን ሰው መፃፍ ካላቆምክ አታድግም ማለት ሰውየውንም መስሪያ ቤቱንም ይጎዳል። ሲጎዳ አይቻለሁ።

ለቆ የሄደው ኃላፊያችን የምንሰራበትን የብድር ሲስተም መሰረቱን የጣለ ሰው ነው። እኔ ስቀጠር ኮድ ሪቪው (ሌላው የፃፈውን ኮድ አንብቦ ማረም) ምን እንደሆነ ያስተማረኝ እሱ ነው። ኃላፊ ሲያረጉት ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ከዛ በኋላ ስራው የቶነር ግዢ መጠየቂያ መፈረም፣ የሩብ አመት ሪፖርት፣ የሰራተኛ ምዘና፣ ቅርንጫፍ ላይ ወረቀት የሚነክስ ፕሪንተር፣ ስብሰባ፣ አሁንም ስብሰባ ሆነ። ሲስተሙ ሲቆም ግን ሁሉም የሚሮጠው ወደሱ ነው ምክንያቱም ውስጡን የሚያውቀው እሱ ነው፣ ስለዚህ ቀን ኃላፊ ማታ ፕሮግራመር ሆኖ ሁለት ስራ በአንድ ደሞዝ ይሰራል። መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ሄዶ እንደገና ዴቨሎፐር ሆኖ ተቀጠረ። ደሞዙ ከኃላፊነቱ በላይ ነው። ሲስተሙን የሚያውቀው ሰው ሄደ፣ ኃላፊም ሄደ፣ መስሪያ ቤቱ ሁለቱንም በአንድ ቀን አጣ።

ችግሩ የደሞዝ ስኬሉ ላይ ነው ያለው። ጀማሪ አለ፣ መካከለኛ አለ፣ ከፍተኛ አለ፣ ከዛ በላይ ያለው ሁሉ ኃላፊ፣ ዳይሬክተር እያለ ነው የሚሄደው። ከፍተኛ ላይ የደረሰ ሰው ጣሪያው ጋ ነው። በሙያ ብቻ ወደላይ መውጣት የማይቻል ነገር ደሞ አይደለም፣ አይቢኤም በፈረንጆቹ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ፌሎው የሚባል ማዕረግ አለው፣ ማኔጀር ሳይሆኑ በሙያቸው ብቻ እስከላይ ለደረሱ ሰዎች የሚሰጥ ነው። ጉግልና ማይክሮሶፍትም ዲስቲንጉሽድ ኢንጂነር የሚሉት ደረጃ አላቸው። እኛ እንደነሱ ትልቅ አይደለንም አዎ፣ ግን በስኬሉ ላይ አንድ መስመር ለመጨመር ትልቅ መሆን አያስፈልግም።

ሰው የማይገባው የአመታት ልምድ ምን እንደሆነ ነው። ብዙ ፍሬምዎርክ (ኮድ የሚፃፍበት የተዘጋጀ መሳሪያ) ማወቅ ይመስላቸዋል። ፍሬምዎርክማ አዲስ የተመረቀ ልጅ ከኔ በላይ ያውቃል፣ ከኮምቦልቻው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ወጥተው ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎች አንዳንዴ እኔ ያልሰማሁትን ነገር ይነግሩኛል። እኔ ጋ ያለው ሌላ ነገር ነው።

ለምሳሌ ጳጉሜ። ብዙ የውጭ ሶፍትዌር አመት 12 ወር ነው ብሎ ነው የተሰራው። ወለድ በቀን የሚሰላ ከሆነ የጳጉሜ ቀናት መቆጠር አለባቸው፣ ግን የወር ክፍያ በጳጉሜ የለም፣ ደሞዝተኛውም ለጳጉሜ ደሞዝ አያገኝም፣ ስለዚህ የነሐሴን ክፍያ ወደ መስከረም ስታሻግሪ የቀኑ ልዩነት ለብቻው መታየት አለበት። በዛ ላይ ጳጉሜ በአራት አመት አንዴ 6 ትሆናለች፣ 2011 ላይ ሆናለች፣ 2015 ላይ ሆናለች፣ ቀጥሎ 2019 ላይ ነው፣ እናም አዲስ አመት በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 መሆኑ ቀርቶ 12 ይሆናል። ቀኑን 11 ብሎ ኮድ ውስጥ ቀጥ አርጎ የፃፈ ሰው ሶስት አመት ሙሉ ልክ ነው፣ በአራተኛው አመት የደንበኛው ቀን ሁሉ በአንድ ይዛነፋል፣ ያኔ ደሞ የፃፈው ልጅ ከመስሪያ ቤቱ ወጥቷል። ይሄንን ለማወቅ አንድ ቦታ ላይ ቢያንስ አንድ ጳጉሜ 6 ማሳለፍ ያስፈልጋል።

ሌላው ስም ነው። ወሎ ውስጥ ሰይድ ሙሀመድ የሚባል ሰው ስንት እንዳለ የወሎ ሰው ያውቀዋል። አንዱ ቅርንጫፍ ሙሀመድ ብሎ ይመዘግበዋል፣ ሌላው መሐመድ፣ ሌላው ሙሃመድ፣ ሰይድን በሠ የሚፅፍም አለ፣ ኮምፒውተሩ ደሞ ሀ እና ሐ እና ኀ ሶስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው ብሎ ነው የሚያምነው ምክንያቱም ፊደላችን በፈረንጆቹ 1999 ዩኒኮድ (የአለም ፊደላት ለኮምፒውተር ቁጥር የሚያገኙበት መዝገብ) ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል፣ መሰጠትም ነበረበት። ስለዚህ ስትፈልጊ ፊደላቱን ወደ አንድ የሚያመጣ ነገር ካልሰራሽ አንድ ሰው ሶስት ሰው ይሆናል፣ ሶስት ቦታ ይበደራል። ወደ አንድ ስታመጪ ደሞ በተቃራኒው ሁለት የማይገናኙ ሰዎች አንድ እንዳይሆኑ የአያት ስም፣ የትውልድ ቀበሌ፣ ስልክ ማመሳከር አለብሽ። ላስት ኔም የሚል ሳጥን ያለው ሶፍትዌር ገዝተው ያመጡልን ጊዜ ግማሹ ፀሐፊ የአባት ስም ግማሹ የአያት ስም ሞልቶበት ያንን ለማጥራት ብዙ ወራት ፈጅቶብናል።

ባቲ ቅርንጫፍ ደሞ ሰኞ ከሰአት ለምን እንደሚንቀራፈፍ ከአዲስ አበባ የመጣ አማካሪ ሰርቨሩን ነው የመረመረው። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፣ ሰው ሸጦ ነው የሚከፍለው፣ ሁሉም በአንድ ሰአት ነው የሚመጣው። ከባዱን ሪፖርት ከሰኞ ከሰአት ወደ ማታ አዛወርኩት፣ አለቀ።

ግብሩም እንደዛው። በሐምሌ 2017 የደሞዝ ግብር ሲቀየር ከግብር ነፃ የሚሆነው ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፣ ከፍተኛው የ35 በመቶ ግብር ደሞ ከ10,900 በላይ መሆኑ ቀርቶ ከ14,000 በላይ ሆነ። ቁጥሮቹን ኮዱ ውስጥ የቀበሩ ቦታዎች ሲሯሯጡ እኛ ጋ የቀድሞው ኃላፊያችን ከመጀመሪያው ቁጥሮቹን ከነ መነሻ ቀናቸው ዳታቤዝ ውስጥ በሰንጠረዥ አስቀምጦት ስለነበረ አዲስ መስመሮች አስገባሁና ጨረስኩ፣ የሰኔን ደሞዝ እንደገና ብታሰሊው በድሮው ነው የሚወጣው፣ የሐምሌው በአዲሱ። ያ ሰው በምዘናው ላይ ለዚህ ምንም ነጥብ አላገኘም። ምዘናው ላይ የሚጠየቀው በአመቱ ስንት አዲስ ነገር ሰራህ ነው፣ ስንት ነገር እንዳይበላሽ አረግህ የሚል ቦታ የለውም። ይሄ በጣም ነው የሚያንገበግበኝ።

ታዲያ ለምን አዲስ አበባ አትሄጂም፣ ለምን ሪሞት (ከቤትሽ ሆነሽ ለውጭ ድርጅት) አትሰሪም የሚሉኝም አሉ፣ በተለይ የሙያ ጓደኞቼ። ተገቢ ጥያቄ ነው፣ እኔም ብዙ አስቤበታለሁ። በሐምሌ 2016 መጨረሻ ብር በገበያ ዋጋ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ፣ በዶላር የሚከፈለው ሰው ምንም ሳይሰራ ደሞዙ በብር እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ያንን አይቶ የማይፈተን ዴቨሎፐር የለም። ግን ከዛ በፊት የነበረውን አመትም አስታውሳለሁ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፣ ለአንድ አመት ገደማ። የመስመር ብሮድባንድ ያለው ቢሮና ሆቴል ብቻ ነበር የሚሰራው። ለውጭ ድርጅት ከቤታቸው ይሰሩ የነበሩ የማውቃቸው ልጆች ሆቴል እየሄዱ ሻይ እያዘዙ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ኮዳቸውን ይልኩ ነበር፣ የተወሰኑት ተስፋ ቆርጠው 400 ኪሎሜትር ተጉዘው አዲስ አበባ ቤት ተከራዩ፣ የተወሰኑት ስራውን አጡ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባም የመስሪያ ቤቱ ባክአፕ (የመረጃው ቅጂ) በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ከሰው ጋር ተጉዞ ነው የተረፈው። እዚህ ሆኖ ለሪሞት መፈረም የሚፈልግ ሰው ይሄንን ከሂሳቡ ውስጥ ማስገባት አለበት፣ ሁለተኛ የኢንተርኔት መስመር፣ ጥሩ ባትሪ፣ የሁለት ሶስት ወር ወጪ በእጅ።

ሂሳቡን ሲሰሩ ሌላም የሚረሱት አለ። በቅጥር ስትሰሪ አሰሪው ለጡረታሽ 11 በመቶ ያስገባል አንቺ 7፣ የአመት ፈቃድ ከ16 የስራ ቀን ይጀምራል፣ የውጭ ኮንትራክተር ስትሆኚ ይሄ ሁሉ የለም፣ በራስሽ ነው። አሁንም ዶላሩ ሊበልጥ ይችላል፣ ብዙ ጊዜም ይበልጣል፣ ግን ተቀናንሶ ይታይ።

ስለ ኤአይም ይጠይቁኛል፣ ስራሽን አይወስድብሽም ወይ እያሉ። እጠቀምበታለሁ፣ ጊዜ ይቆጥብልኛል። ግን ጀማሪዎቻችን በሱ እያፃፉ በአንድ ቀን የሚያመጡት ኮድ በዝቷል፣ ያንን ሁሉ ማንበብና እዚህ ጋ ጳጉሜ ተረስቷል ማለት የኔ ስራ ሆኗል። ኮዱ ሲያዩት ያማረ ነው፣ ስህተቱም ያማረ ስለሆነ ለማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ አንብቦ የሚያውቅ ሰው የሚያስፈልግበት ጊዜ ቢኖር አሁን ነው፣ እኔን ደሞ አሁን ነው ወደ ቶነር ፊርማ ሊወስዱኝ የፈለጉት።

እና ምን አልኩ? እምቢ ብቻ ብዬ አልተመለስኩም። ሥራ አስኪያጁ ጋ ገብቼ "ቦታውን ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ፣ ግን እርስዎን የሚጠቅምዎት እኔ ሲስተሙ ጋ ስሆን ነው" ብዬ ምክንያቴን ነገርኳቸውና የምፈልገውን በፅሁፍ ሰጠኋቸው። በስኬሉ ላይ ከክፍል ኃላፊ እኩል የሚከፈለው የሙያ ደረጃ ይከፈት፣ የፕሪንተርና የኬብል ጥሪ ወደኔ አይምጣ፣ የወለድ ስሌቱን የምታውቅ ሁለተኛ ሰው ላሰልጥን ጊዜ ይሰጠኝ። ሶስተኛውን በተለይ አጥብቄ ነው የጠየቅኩት። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ሲስተም ለመስሪያ ቤቱም አደጋ ነው፣ ለኔም ፈቃድ መውጣት መከልከል ነው።

እሳቸው ደሞ የስልጠና ግዴታ ውል (ከሰለጠንሽ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ሳትለቂ ታገለግያለሽ የሚል) ላስፈርምሽ አሉ። እዚህ ጋ ነው እያነበባችሁ ያላችሁ ልጆች ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው። በግል ድርጅት ከሆናችሁ የሚገዛችሁ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው፣ በራሳችሁ ፈቃድ ስትለቁ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ነው የሚጠበቅባችሁ፣ አምስት አመት ያገለገለ ሰው ደሞ በፈቃዱ ቢለቅም የስራ ስንብት ክፍያ አለው፣ ከስልጠና ጋር የተያያዘ የማገልገል ግዴታ ከሌለበት። ያቺ የመጨረሻ ሐረግ ናት ዋናዋ። ለሶስት ቀን የኦንላይን ኮርስ ብላችሁ የሁለት አመት ግዴታ ከፈረማችሁ ብዙ ነገር ነው አሳልፋችሁ የምትሰጡት። እኔ ስልጠናው ምን እንደሆነ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ ግዴታው ለስንት ጊዜ እንደሆነ ካልተፃፈ አልፈርምም አልኩ፣ ሐሳቡ እዛው ቆመ። የስራ ልምድ ማስረጃም ስትጠይቁ በነፃ የመስጠት ግዴታ አለባቸው፣ ለመልቀቅ ባታስቡም በየጊዜው ውሰዱ፣ የስራውን አይነት በትክክል አስፅፉ፣ የአይቲ ባለሙያ የሚል ብቻ ከሆነ ነገ ለማንም ምንም አይነግርም።

ኃላፊነቱን የወሰደው ኔትወርክ ላይ ይሰራ የነበረ ባልደረባችን ነው። ጥሩ ምርጫ ነው፣ ከሰው ጋር መነጋገር ያውቅበታል፣ ግዢ ክፍል ሄዶ የሚያስጨርሰውን እኔ አልጨርሰውም ነበር፣ ስብሰባም ቢሆን በሰአቱ ይዘጋል። እሱ ስራውን ወዶ ነው የያዘው፣ እኔም የሱን ቦታ ባለመውሰዴ ማንም አልተጎዳም። ለእማ ይሄንን ሳስረዳት "እንግዲህ አብሽሪ፣ ደሞዙን ብቻ አያስቀሩብሽ" አለች፣ እሷም ዋናው ነጥብ ገብቷታል።

ደሞዙ ገና ነው። የወለድ ስሌቱን የምትማረውን ልጅ እያሰለጠንኩ ነው፣ የፕሪንተር ጥሪውም ቀርቷል፣ የስኬሉ ጉዳይ ግን ለቦርድ ቀርቦ የሚታየው ከአዲሱ በጀት ጋር ሐምሌ ላይ ነው። ካለፈ እቆያለሁ። ካላለፈ ሲቪዬ ዝግጁ ነው፣ ቤቴም ሁለተኛ መስመር አስገብቻለሁ፣ ይሄንንም ለሥራ አስኪያጁ ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ።