ማን ታየ፣ ማን ተዘለለ? አንድ የቆየ የጀርመን ፊልም የገመገምኩበት መንገድ

በቆዩ የአውሮፓ ፊልሞች ውስጥ የውጭ ሰው እንዴት ተደርጎ እንደቀረበ መመርመር ከጀመርኩ ቆየሁ። ሰሞኑን የያዝኩት የጀርመናዊውን ዳይሬክተር የራይነር ቨርነር ፋስቢንደርን «ፍርሃት ነፍስን ይበላል» ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ በ1974 የወጣ። ኤሚ ሙኒክ ውስጥ በጽዳት ሥራ የምትተዳደር፣ ባሏ የሞተባት ጀርመናዊት ናት። በዕድሜ በጣም የሚያንሳትን፣ አሊ የሚሉትን ሞሮኳዊ መካኒክ ታገባለች። ጎረቤቱም፣ ልጆቿም፣ ባለሱቁም ይነሱባቸዋል።

ፊልሙን ከመክፈቴ በፊት ዘመኑን አነበብኩ። ይሄን እንዳትዘሉት። ምዕራብ ጀርመን ከ1955 ጀምራ ከጣሊያን፣ በኋላም ከቱርክ፣ ከሞሮኮና ከዩጎዝላቪያ ሠራተኛ ስታስመጣ ቆይታ በ1973 መጨረሻ ላይ ቅጥሩን አቆመች። በ1972 ደግሞ እዚያው ሙኒክ ኦሎምፒክ ላይ ፍልስጤማውያን ታጣቂዎች በእስራኤል ስፖርተኞች ላይ ጥቃት አድርሰው አረብ የተባለ ሁሉ በጥርጣሬ ይታይ ነበር። ይሄን ያላወቀ ሰው የጎረቤቶቹን ጥላቻ የተጋነነ ነው ሊል ይችላል።

መጀመሪያ ብዕር ሳልይዝ አየሁት። ከዚያ ድምፁን አጥፍቼ። ድምፅ ሲጠፋ ማን እያፈጠጠ፣ ማን እየተፈጠጠበት እንደሆነ በግልጽ ይወጣል። በተለይ ኤሚ የሥራ ባልደረቦቿን ቤቷ ጠርታ የባሏን ጡንቻ የምታስነካበት ቦታ አለ። ሴቶቹ ዙሪያውን እየዞሩ ክንዱን ይዳብሳሉ፤ ንጽሕናውን ያደንቃሉ። እሱ እንደ ገበያ በሬ መሃል ቆሟል። የምትወደው ሚስቱ ናት ይሄን የምታደርገው! ክፉ ሰዎችን ብቻ እየፈለገ የሚገመግም ሰው ይሄ ያመልጠዋል።

ሌላው ዮላንዳ ናት። ከዩጎዝላቪያዋ ሄርዞጎቪና የመጣች አዲስ የጽዳት ሠራተኛ። ቀደም ብሎ ኤሚን አግልለዋት የነበሩት ሴቶች አሁን ከኤሚ ጋር ገጥመው ዮላንዳን ደረጃው ላይ ለብቻዋ ያስቀምጧታል። ያለችበት ጊዜ አጭር ነው፤ ለኔ ግን የፊልሙ ትልቁ እውነት እዚህ ጋ አለ። የተገፋ ሰው ቦታ ሲያገኝ ሌላውን ይገፋል።

ብዕር የያዝኩት ከዚህ በኋላ ነው። ስንት የውጭ ሰው አለ ብሎ መቁጠር ብዙ አይነግርም። ስም አለው ወይ? ሥራው ይታያል? ጓደኛ፣ ናፍቆት፣ የሚያምረው ምግብ አለው? አሊ አለው። ጀርመኖቹ «አሊ» ይሉታል እንጂ ረጅም የራሱ ስም አለው፤ ኩስኩስ ያምረዋል፣ ኤሚ ግን አልሠራም ትለዋለች። በመጨረሻ ጨጓራው ቆስሎ ሲወድቅ ሐኪሙ ይሄ በሽታ በስደተኛ ሠራተኞች ላይ እንደሚበዛ ይናገራል፤ ሕመሙን ከኑሮው ጋር ያገናኘዋል። ቡና ቤት የሚቀመጡት ጓደኞቹ ግን ከጀርባ ማስጌጫነት ብዙም አያልፉም። የራሷ ታሪክ ያላት ሰሜን አፍሪካዊት ሴትም የለችም።

ከካሜራው ጀርባም ሄድኩ፤ ብዙ ሰው እዚህ አይደርስም። አሊን የሚጫወተው ኤል ሄዲ ቤን ሳሌም ራሱ ሞሮኳዊ ነው። ፊልሙ ላይ የምንሰማው ድምፅ ግን የሱ አይደለም፤ ጀርመናዊ ተዋናይ ነው በላዩ የቀዳው። ስለ ስደተኛ ክብር በሚናገር ፊልም ውስጥ የስደተኛው ድምፅ መተካቱ ከልብ አሳዝኖኛል። ስለዚህ ፍርዴን ለሁለት ከፍዬ ጻፍኩ። ለታሪኩ ከፍ ያለ ቦታ ሰጠሁት፣ ዛሬ ከሚሠሩት ብዙዎች የተሻለ ስለሆነ። ለአሠራሩ ግን ዝቅ ያለ ነው የሰጠሁት፤ ሁለቱን ደምሬ በአማካይ አንድ ነጥብ መስጠት አልፈለግኩም።