«አበባህ ተቀቅሏል»

መስከረም ላይ ነው። ደብረ ብርሃን የተከፈተ አንድ አዲስ ማረፊያ 60 ቡገንቪላ አዘዘን። ባለቤቱ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አይቶት ልቡ ቀርቷል። ቀይ፣ ነጭ፣ ብርቱካንማ እየተቀላቀለ አጥሩን እንዲዞርለት ነው የፈለገው። 12 ማንጎም ጨመረበት። ማንጎ ሲል ሳቄን በግድ ያዝኩት።

ችግኝ ጣቢያችን ቢሮ ግድግዳ ላይ የለጠፍኳት ሠንጠረዥ ነበረች። ቆላ ከ500 እስከ 1,500 ሜትር፣ ወይና ደጋ እስከ 2,300፣ ደጋ እስከ 3,200፣ ከዚያ በላይ ውርጭ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ነው። አለቃዬን ጋሼን ጠርቼ በጣቴ አሳየኋቸው። ወይራ፣ ጥድና ኮሶ እንላክ፣ አበባ ካሉ ጽጌረዳ አለ፣ ፍራፍሬ ካሉም ጨንቻ ላይ እንደሚተከለው አፕል ይሞከር አልኩ።

ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ስልካቸውን ጎረጎሩ።

«ይኸው! የሐዋሳ ዝናብ በዓመት 950 ሚሊ ሜትር ገደማ። ደብረ ብርሃን 900 ምናምን። ውሃው እኩል ከሆነ ተክሉን ምን ቸገረው?»

እውነት ለመናገር ለአፍታ ግራ ገባኝ። ቁጥሩ ልክ ነው። ግን ሐዋሳ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት እየቆየ ያዳርሳል፣ ደብረ ብርሃን አብዛኛውን ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዘርግፎት ቁጭ ይላል። ደግሞ ተክልን የሚገድለው ጥም ብቻ አይደለም። 100 ሜትር ሽቅብ በተወጣ ቁጥር ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል፤ ሐዋሳ ያለችው 1,700 ሜትር አካባቢ ነው። ይህን ሁሉ አስረዳሁ። ጋሼ እስክጨርስ ጠበቁኝና «አንተ ልጅ፣ ገበያ አታባር» አሉኝ። ማንጎዋ እንዳትላክ ብቻ አደረግሁ።

ችግኙን አይሱዙ ላይ ጭነን ሄድን። ሸኖ ስንደርስ ነፋሱ ሸራውን ሊገነጥለው ምንም አልቀረውም። ማረፊያው በር ላይ የተቀበሉን ሽማግሌ ዘበኛ ናቸው። ባናቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ቡገንቪላ ነው አባባ።»

«የየት አገር ነው?»

«ሐዋሳ በደንብ ይይዛል።»

«ታዲያ እዚያ ምን አጣ?»

ጫኝ አውራጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን አደርጋለሁ።

ሽማግሌው ግን ቀልዳቸውን አልነበረም። ወደ ታችኛው አጥር በዱላቸው እያመለከቱ «ያንን እንኳ ተወው። ማታ ብርዱ ወርዶ የሚተኛው እዚያ ነው። እኛ ባቄላም አንዘራበት» አሉኝ። ኮሌጅ ተምሬዋለሁ፤ ሰማይ ጠርቶ ባደረ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ስለሚከብድ ወደ ጎድጓዳው ይወርዳል። ፈተና ላይ መልሼው ማርክ አግኝቼበታለሁ። በእኔ ሠንጠረዥ ግን የግቢው ላይኛውም ታችኛውም ያው ደጋ ነው። ፕላኑ ላይ 25 ጉድጓድ በታችኛው አጥር ይላል። 25 አስቆፈርኩ።

ከመሄዴ በፊት ምክር ቢጤ ጣል አደረግሁ። ከጥቅምት ጀምሮ ማታ ማታ ሸፍኗቸው፣ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ግለጡላቸው አልኩ። ሽማግሌው የባናቸውን ጫፍ አንስተው አሳዩኝ። አልቆ ወንፊት ሆኗል።

«ልጄ፣ ቤቱ መሠረቱ ሲቆፈር ጀምሮ አንድ ባና ግዙልኝ እያልኩ ነው። ለአበባው ነው እንግዲህ የሚገዙለት?»

«አይ፣ ለእሱስ ጆንያም ይበቃዋል» አልኳቸው።

አባባሌ ምን ነበር? ልጽናናቸው ነው? ላሳስቃቸው? አላውቅም። አየት አደረጉኝና በሩን ከፈቱልን። እስከ ጫጫ ድረስ ከሾፌሩ ጋር አላወራሁም።

ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። «ልጄ፣ አበባህ ተቀቅሏል።»

ሄጄ አየሁት። ሣሩ ላይ አመዳዩ ገና አልቀለጠም። የታችኛው አጥር ቅጠል ጠቁሮ፣ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተዝለፍልፎ ወርዷል። በጣቴ ስይዘው ውሃ ወጣው። ከሽማግሌው የተሻለ ቃል እስካሁን አላገኘሁለትም። የላይኞቹ ታኅሣሥን አልዘለቁም።

ጋሼ ለባለቤቱ በጻፉት ደብዳቤ ላይ «በጥበቃ ሠራተኛው የውሃ አጠጣጥ ጉድለት» የሚል አለ። ኮምፒውተር ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የፊደል ግድፈት ብቻ አርሜ አተምኩት።

አንድ ግን ተርፏል። ስናወርድ ፖቱ ስለተቀደደ ጥለነው የሄድነውን ችግኝ ሽማግሌው ወስደው ከወጥ ቤቱ የድንጋይ ግድግዳ ሥር ተክለውታል። ከሰዓት በኋላ ሙሉ ፀሐይ ያገኛል፤ ከግድግዳው ወዲያ ምድጃው አለ። ዘንድሮ ጣሪያ ደርሶ ቀይ በቀይ ሆኗል።

ጋሼ ፎቶውን አስነስተው በትልቁ አሳጠቡት። ደንበኛ ሲመጣ «ይኸ ደብረ ብርሃን ላይ የሠራነው ነው» ይላሉ። ባለፈው ሳምንት ሸኖ ቤት የሠራ ሰውዬ አይቶት 40 አዘዘ። ፎቶውን ለመስቀል ጥሩ ቦታ የተገኘው ሠንጠረዤ የነበረችበት ላይ ነው።