ቢላዋውን ለምን አዘገየሁት

የደሴ ብርድ ሽንት ያበዛል ይባላል። እኔም ሌሊት አራት ጊዜ መነሳቴን በጦሳ ንፋስ እያሳበብኩ ሁለት ክረምት አለፈ። 66 ዓመቴ ነው፣ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። ሽንቴ ማቃጠል ሲጀምር ባለቤቴ "ዛሬ ሐኪም ቤት ካልሄድክ ቡና አላፈላም" አለች። ወሎ ቤት ቡና ከቀረ ነገሩ ከብዷል ማለት ነው።

ፒኤስኤ የሚባለው፣ ፕሮስቴትን (ከወንዶች ፊኛ ሥር ያለውን እጢ) የሚፈትሸው የደም ምርመራ 7.8 ሆነ። ብዙ ጊዜ ከ4 ሲያልፍ ያጠራጥራል። ውጤቱን የነገረኝ ባለሙያ ቆሞ "የፕሮስቴት ካንሰር ሊሆን ይችላል፣ እጢው ቶሎ ቢወጣ ይሻላል" ብሎኝ ወደ ሌላ ታካሚ ዞረ። ሽንት ያቃጥልዎታል ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም። ማታ አዲስ አበባ ያለው ልጄ "አባዬ፣ ቤቱ ይሸጥና ህንድ እንሂድ" ሲል ደወለ። ጎረቤታችን ሼኹ ዱዓ አደረጉልኝ፣ የባለቤቴ የነፍስ አባት ጠበል አዘዙ፤ አንዱንም አልተውኩም።

ሌላ የሽንት ቧንቧ ሐኪም ዘንድ ስሄድ ኢንፌክሽን ብቻውን ቁጥሩን ሊያንረው እንደሚችል ነገረኝ። መድኃኒቱን ጨርሼ ከሁለት ወር በኋላ ሲደገም 5.6 ሆነ። ወረደ እንጂ አልተስተካከለም። አዲስ አበባ ሄጄ ኤምአርአይ ተነሳሁ፣ በመርፌ 12 ናሙና ተወሰደ። ሁለቱ ላይ ካንሰር ተገኘ፤ የካንሰሩን ክፋት የሚለካው ግሊሰን የሚባለው ነጥብ 3 ሲደመር 3፣ ማለትም 6፣ ካንሰር ተብሎ ከሚጻፈው ዝቅተኛው።

ቀዶ ሕክምና፣ ጨረር ወይም ክትትል አለኝ ሐኪሙ። ብሪታንያ ውስጥ 1,643 ወንዶች በሦስቱ ተከፋፍለው ሲጠኑ፣ በ15 ዓመት ውስጥ በዚህ ካንሰር የሞቱት በየትኛውም ወገን ከመቶ ሦስት ገደማ ናቸው። ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል "ይቀመጡ ጋሼ፣ አልጨረስኩም" አለኝ። ከክትትሉ ወገን ካንሰሩ የተዛመተባቸው ቀዶ ሕክምና ካደረጉት እጥፍ ያህል ነበሩ፤ ከግማሽ በላዩም ኋላ ታክመዋል። ቀዶ ሕክምናው ደግሞ ሽንት መቆጣጠርን ሊያሳጣ፣ ወንድነትንም ሊነካ ይችላል። ይህን የመጨረሻውን ለባለቤቴ እንዴት እንደምነግራት ከደብረ ብርሃን እስከ ከሚሴ ሳብሰለስል መጣሁ። ስነግራት ሳቀች፣ ቀጥሎ አለቀሰች፣ ከዚያ "አንሶላውንስ ማን ሊያጥብ ነው?" አለች።

ክትትሉን መረጥኩ። ፒኤስኤ በየስድስት ወሩ፣ ሁልጊዜ አንድ ላብራቶሪ፤ በዓመቱ ናሙና እንደገና። ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ውጤቱ ምን ላይ ሲደርስ ቀዶ ሕክምና እንደምገባ አስቀድሜ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሬ በወረቀት ማስፈሬ ነው። ግሊሰኑ ወደ 7 ከፍ ካለ አልከራከርም። ልጄ ያቺን ወረቀት ካየ ወዲህ የቤቱን ሽያጭ አላነሳም።

ለነገሩ ክትትልም ገንዘብ ይፈጃል። የአውቶቡሱ፣ የአልጋው፣ ጣርማ በር ላይ "ወንድሜ፣ አቁምልኝ" እያሉ ሹፌር መለመኑ። ሚያዝያ ላይ 5.9 ነበር። ቀጣዩ ጥቅምት ነው፤ ትኬት የምቆርጠው በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ነው።