«ነገ እኔ ጋ ነው»

ክሊፑን ለመቅረጽ 9 ቀን ቀርቶናል። የክፍል ሥራ ነው፤ አራት ነን። ዘፈኑ የጓደኛችን የራሷ ነው። «ደርሼ መጣሁ» ብሎ ወጥቶ ስለቀረ ሰው ትዘፍናለች።

መምህራችን መጀመሪያ የሌሎችን ክሊፕ በደንብ እዩ አለን። ሁለት ሌሊት ድምፁን አጥፍቼ አየሁ። ድምፅ ሲጠፋ ልማዱ ፍጥጥ ብሎ ይወጣል። ዘፋኙ በየአዝማቹ ልብስ ይቀይራል። ፊቱ በቅርብ ይመጣል፣ ከዚያ ተወዛዋዦቹ፣ ከዚያ እንደገና ፊቱ። ግጥሙ «ቡና» ሲል ጀበና፣ «መንገድ» ሲል መኪና። መጥፎ ነው አልልም። ፊትን በቅርብ ማሳየት ምክንያት አለው፤ ክሊፕ ዘፋኙን ከሰው ጋር ማስተዋወቂያም ነው። ግን ቃሉ የተናገረውን ሥዕሉ ሲደግመው ለኔ የሚቀርልኝ ነገር የለም።

የኛም እቅድ ያው ነበር። ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይ ከጎን ስትመታው ወርቅ ይመስላል። ከ3 ሰዓት በኋላ አይሆንም፤ የድሬ ፀሐይ ከላይ ሆና ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ትጥላለች። ዘፋኟ በነጭ ቀሚስ አሸዋው ላይ ትሽከረከራለች፣ በስሎው ሞሽን።

ቅዳሜ ሞከርነው። አፏ ከዘፈኑ ጋር እንዲገጥም ዘፈኑ በእጥፍ ፍጥነት ይከፈታል። ካሜራው በሰከንድ 50 ፍሬም፣ ማለት 50 ነጠላ ምስል፣ ይይዛል። በ25 ሲጫወት አፏ ወደ ልኩ ይመለሳል፣ ቀሚሷና ፀጉሯ ግን ይንሳፈፋሉ። ስፒከሩ እንደ ጫጩት ሲንጫጫ እሷ ትንፋሽ እያጠራት ተከተለችው። ሠራ! ከደስታ ብዛት እጄ ተንቀጠቀጠ።

ማታ ለእማዬ አሳየኋት። «ቆንጆ ነው» አለች። ከዚያ ስልኩን ጠጋ አድርጋ፣ «ደቻቱ አይደል እንዴ ይሄ?» አለችኝ።

የ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደው። እኔ ገና ሁለት ዓመቴ ነበር። ያን ዕለት ማታ አንዲት የቡና ጎረቤታችን እኛ ቤት ጠጥታ፣ «ነገ እኔ ጋ ነው» ብላ ወጣች። ቤቷ ወንዙ ዳር ነበር። ጎርፉ ሌሊት መጣ።

እማዬ አትቅረጹ አላለችም። ስልኩን መለሰችልኝና ጀበናውን ልታጥብ ተነሳች። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለካ ዘፈኑ የኛው ቤት ታሪክ ነው።

በማግስቱ ስቶሪ ቦርዱን፣ የምንቀርጸውን በተራ የሳልንበትን፣ ከፈትኩት። ሽክርክሪቱን ሰረዝኩ። ደቻቱ ይኖራል፣ ሰው የሌለበት፣ ከድልድዩ ላይ፣ 12 ሰከንድ ሙሉ። «ደርሼ መጣሁ» ስትል መንገድ አናሳይም። ረከቦቱ ላይ የተቀዳ ስኒ ነው፤ እንፋሎቱ እስኪጠፋ ካሜራው አይነቃነቅም።

ኤዲት የሚያደርገው ልጅ ተቃወመ። «አቦ ይሰለቻል፣ ሰው ያልፈዋል» አለ። ስጋቱ ይገባኛል። ባየኋቸው ክሊፖች አንድ ሾት ከሦስት ሰከንድ ሲያልፍ ብዙም አላየሁም። ግን መጠበቅ ረጅም ነው። ቶሎ ቶሎ ከቆረጥነው ስለ መጠበቅ አልሠራንም። እስካሁን አልተስማማንም፤ ነገ እኛ ቤት ቀርጸን አይተን እንወስናለን።

እማዬ ቡናውን ራሷ እንደምታፈላ ነግራኛለች። ስኒዎቹን ዛሬውኑ አጥባ ደርድራለች። ቆጠርኳቸው። ከኛ ቁጥር አንድ ይበልጣሉ።