በመጨረሻው ገጽ ላይ የወጣው ስም

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለች አንዲት ቪዲዮ ቤት ኤዲተር ነኝ። እንጀራችን ሠርግ ነው። ጥር ከገባ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ክረምት ሲሆን ደግሞ ሥራው ጭር ይላል። ባለፈው ክረምት፣ ጦሳ ጉም ለብሶ በሚውልበት ሰሞን፣ ያልለመድነው ሥራ መጣልን። አንድ የወጣቶች የፊልም ክበብ የቆየ የፍቅር ኮሜዲ በአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ማሳየት ፈለገ። ፊልሙ በ1953 የወጣው «ሮማን ሆሊዴይ» ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ላላየው ሰው ታሪኩ እንዲህ ነው። ለጉብኝት ሮም የገባች ልዕልት ንግግሩና መጨባበጡ ይመራትና ሌሊት ሾልካ ትጠፋለች። አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ መንገድ ዳር እንቅልፍ ጥሏት ያገኛታል። ጠዋት ማንነቷን ሲደርስበት ትልቅ ዜና ሊሠራባት ያስባል። እሱ ጋዜጠኛ መሆኑን ደብቋል፣ እሷም ልዕልትነቷን። እንደተደባበቁ ከተማውን ሲዞሩ ይውላሉ። ሲመሽ ተዋደዋል።

ትርጉሙን የሠራችው አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት። የዘወትር ሥራዋ ደንበኛ መቀበልና ፎቶ ማተም ነው። እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው። አማርኛዋ ደግሞ የወሎ አማርኛ ነው፣ ለዛ አለው። አሥር ቀን ሙሉ እያመሸች ሠራችው። አንድ ነገር በተለይ አስጨነቃት። በእንግሊዝኛው «አንቺ»ም «እርስዎ»ም አንድ ቃል ናቸው። በእኛ ግን በሁለቱ መሀል ያለው ርቀት የሰማይና የምድር ነው። ጋዜጠኛው ልዕልቷን ምን ብሎ ይጥራት?

ከሦስት ቀን በኋላ መልሱን ይዛ መጣች። ቀኑን ሙሉ «አንቺ» ይበላት። ማንነቷን ካወቀ በኋላም «አንቺ» ይበላት፤ ያላወቀ መምሰል አለበትና። ሲሰነባበቱም «አንቺ» ነው። በመጨረሻ ልዕልቷ በአዳራሽ ጋዜጠኞችን ስትቀበል ግን፣ ከሌሎቹ መሀል ቆሞ «እርስዎ» ይበላት። እንግሊዝኛው በማዕረግ መጠሪያ ያለፈውን እሷ በአንድ ቃል ልብ ላይ አሳረፈችው። እኔ ብሆን አላስበውም ነበር።

የእኔ ድርሻ ጽሑፉን ከንግግሩ ጋር መግጠምና ከፊልሙ በፊት ስለ አሠራሩ መናገር ነበር። ሁለት ሳምንት ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። እውነቱን ለመናገር ከፊልሙ እኩል ወደድኩት።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ሞልቷል። ንግግሬን ልዕልቷን ሆና በምትጫወተው በኦድሪ ሄፕበርን ጀመርኩ። ያኔ ገና ጀማሪ ነበረች። የሙከራ ቀረጻ የተደረገላት እንግሊዝ አገር በፓይንውድ ስቱዲዮ ነው። ትዕይንቱ አበቃ ከተባለ በኋላ ካሜራው እንዳይቆም ተደረገ። እሷም ያለቀ መስሏት ዘና ብላ ስትስቅና ስታወራ ተቀረጸች። ዳይሬክተሩ ዊልያም ዋይለር የወደደው ያንን ነው። በዚህ ፊልም የኦስካር ምርጥ ተዋናይት ስትባል 24 ዓመቷ ነበር።

ዋይለር ፊልሙ ሮም ውስጥ ካልተቀረጸ ብሎ ጸና። በ1952 የተቀረጸው በእኛ ክረምት ወራት ነው፤ እዚያ ግን ሐሩር ነበር። ከትዕይንቶቹ ሁሉ ታዋቂው «የእውነት አፍ» በሚባል ትልቅ የድንጋይ ፊት ላይ የተሠራው ነው። ዛሬም በአንድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አለ። ሐሰተኛ ሰው እጁን ወደ አፉ ካስገባ ይቆርጠዋል ይባላል። ሁለቱም ሲዋሹ የዋሉ ናቸው፣ ሁለቱም ይፈራሉ። ጋዜጠኛውን ሆኖ የሚጫወተው ግሪጎሪ ፔክ እጁን አስገብቶ ሲያወጣው እጅጌው ውስጥ ደብቆት ነበር። ይህን እንደሚያደርግ ዋይለር ያውቃል። ሄፕበርን አታውቅም። እዚያ ላይ የምንሰማው ጩኸት የድንጋጤዋ ጩኸት ነው። አዳራሹ ይህን ሲሰማ ሳቀ።

ቀጥዬ ስለ ፔክ ነገርኳቸው። የዚያን ጊዜ ትልቁ ኮከብ እሱ ነው። ከፊልሙ ርዕስ በላይ ሊጻፍ የታሰበውም የእሱ ስም ብቻ ነበር። ቀረጻው ላይ ችሎታዋን ካየ በኋላ ግን የእሷም ስም ከእሱ ጋር ይውጣ ብሎ ራሱ ጠየቀ። ይህ ሰው እንዴት ደስ እንዳለኝ!

መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት የዳልተን ትራምቦን ነገር ነበር። የፊልሙን ታሪክ የጻፈው እሱ ነው። በኮሙኒስትነት ተጠርጥሮ በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ አልመልስም ብሎ ታስሯል፤ ሆሊውድም ሥራ እንዳይሰጠው በጥቁር መዝገብ አስገብቶታል። ስለዚህ ታሪኩ በጓደኛው በኢያን ማክሌላን ሀንተር ስም ወጣ። ኦስካርም ሲያሸንፍ የተጠራው የሀንተር ስም ነው። ትራምቦ በ1976 አረፈ። ሽልማቱ በስሙ ተዘጋጅቶ ለባለቤቱ የተሰጠው በ1993 ነው። በ2011 ደግሞ የጸሐፊዎቹ ማኅበር ስሙን በስክሪፕቱ ላይም መለሰለት፤ ስክሪፕቱ ላይ የሠሩትን የሀንተርንና የጆን ዳይተንን ስም ሳይፍቅ። ይህን ስናገር ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ሰውም አጨበጨበ።

ፊልሙ ተጀመረ። ሰዉ በየቦታው ሳቀ። መጨረሻው ላይ «እርስዎ» የምትለዋ ቃል ስትመጣ ከኋላ አንዲት ሴት «ውይ!» አለች። ከዚያ ዝም። ሰው ሲተነፍስ ይሰማል።

ቀጥሎ እኛ የጨመርነው ገጽ ወጣ። ያንን ገጽ የሠራሁት በመጨረሻው ሌሊት ነው። መብራት ሁለቴ ሄዶ ሬንደሩ፣ ማለትም ቪዲዮው ተጠናቅሮ የሚወጣበት ሥራ፣ ተቋርጦብኝ ነበር። ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ከአንድ የድሮ ሥራችን ላይ ያለውን ገጽ ወስጄ የፊልሙን ስም ብቻ ቀየርኩ። ገጹ ላይ «ትርጉምና ኤዲቲንግ» ይላል። ከሥሩ ያለው ስም የእኔ ነው።

ልጅቷ ከእናቷ ጋር ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። እናቷ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩ። «ያንቺስ የታለ?» ሲሉ ሰማኋቸው። «እማ፣ ተይው» አለቻቸው፣ ዝቅ አድርጋ።

ጭብጨባው ቀጠለ። የክበቡ ሰዎች ለመዝጊያ ጠሩኝ። ወጣሁ። አመሰግናለሁ አልኩ፣ መልካም ምሽት አልኩ፣ ወረድኩ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ጠዋት ስደርስ ቀድማኝ ከፍታ የጉርድ ፎቶ እየቆረጠች ነበር። መብራት መሄዱን፣ የድሮውን ገጽ፣ መቸኮሌን አስረዳኋት። መቀሱን ሳታስቀምጥ ሰማችኝ።

«ስህተት መሆኑንማ አውቃለሁ» አለች። «ግን ማይኩ እጅህ ላይ ነበር።»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ገጹን ችኮላ አበላሸው። ዝም ያልኩት ግን እኔ ነኝ፣ ያውም ስሙ ስለተወሰደበት ሰው ከሁለት ሰዓት በፊት እዚያው መድረክ ላይ ቆሜ ተናግሬ። አለቃችን «ትንሽ ነገር ነው፣ እርሱት» አለን። ትንሽ አልነበረም። ያቺን «እርስዎ» ሰምቶ «ውይ» ያለው ሰው ሁሉ የእኔ ቃል መስሎት ነው ቤቱ የገባው።

በዚያው ቀን ለክበቡ ደወልኩ። ተርጓሚዋ እሷ መሆኗን በቴሌግራም ገጻቸው ጻፉልኝ። አመሻሽ ላይ እናቷን ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ ደረሰልኝ። ሦስተኛው እስኪጠጣ ድረስ ስለ ጉዳዩ አላነሱብኝም። ልወጣ ስነሳ «ልጄ፣ ስንት ሌሊት በመብራትም በሻማም አምሽታበታለች እኮ» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ፊልሙ ኮምቦልቻ ሊታይ ተጠየቀ። ገጹን እንደገና ሠራሁት። የእሷን ስም በትልቁ፣ ብቻውን አደረግኩት። አሳየኋት።

«ያንተስ?»

«አያስፈልግም።»

«ጽሑፉን ከንግግሩ ጋር የገጠመው ማነው?»

«እኔ።»

«እና? የትራምቦን ስም ሲመልሱ የሌሎቹን አልፋቁም ብለህ የተናገርከው አንተ አይደለህም?»

ወንበሩን ሳብ አድርጋ ራሷ ጻፈችው። ትርጉም፣ ስሟ። ከሥሩ፣ ጽሑፍ ማቀናበር፣ ስሜ። ሁለቱ መስመሮች በአንድ መጠን።

ሐረጎን ስንወርድ ፍላሹ የእሷ ቦርሳ ውስጥ ነበር። የዚያን ቀን ከፊልሙ በፊት የምትናገረው እሷ ናት። ሚኒባሱ መስኮት ላይ ተደግፋ ስለ «አንቺ» እና ስለ «እርስዎ» የምትለውን በለሆሳስ ትለማመድ ነበር።